ጅምርና ፍጹም፦ ያላለቀ ድርሰት የማርካት ዐቅም

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በወጣ ዕለት አንድ ባልደረባዬ በኮሪደሩ አስቁሞ፣ «ንግግሩንም ሳትጨርሰው ልትወርድ ነው?» ሲል ቀልዶብኝ ነበር። የተሰጠኝ አርባ አምስት ደቂቃ ስለ ሆነ ባልጨርሰውም መውረዴ አይቀርም።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝ የንድፈ ሐሳብ ፍቅር አይደለም፤ ዐሥራ አራት ደብተር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሞት የተለየን አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ሃያ ዓመት ያህል ጎን ለጎን በሆኑ ቢሮዎች ስናስተምር ኖረናል። ቤተሰቦቹ ስሙን እንዳልጠራ ስለ ጠየቁኝ «ጓደኛዬ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ልቦለድ እንደሚጽፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንዲት ገጽ ግን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ከሙት ዓመቱ በኋላ ልጁ ደብተሮቹን በፌስታል ይዛ ቢሮዬ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ የቀረው ጥቂት ነው ይባላል፤ እርስዎ የአባባን አጻጻፍ ያውቁታልና ይጨርሱልን» አለችኝ። እንቢ ለማለት ምክንያት አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግሁምም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰውን ልብ ያሞቃል።

ልቦለዱ በድሬዳዋ ምድር ባቡር ጣቢያ የሚሠራ የአንድ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ታሪክ ነው። በዐሥራ አራተኛው ደብተር ዐሥራ አንደኛ ገጽ ላይ የጸሐፊው ሚስት ቡና እየቆላች ሳለ ባሏ ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቃታል። ምጣዱን ከእሳቱ ላይ ታነሣለች፤ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ትእምርተ ጥቅስ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ መስመር ነው። በደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራ የሚጠቁሙ ሦስት መስመሮች በእርሳስ ተጽፈዋል።

እኔም ጨረስሁት። ሰባት ወር ፈጀብኝ፤ አርባ ሦስት ገጽ ሆነ። ሦስቱን መስመሮች ተከትዬ፣ የጓደኛዬን አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አጥንቼ፣ የሚወዳቸውን ቃላት ለቅሜ ጻፍሁ። ሥራዬ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ሁሉንም በኮምፒውተር አስተይቤ፣ የእርሱ የት እንደሚያበቃ የኔ የት እንደሚጀምር ምልክት ሳላደርግ፣ ለልጁ ሰጠኋት። የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ስለሚከብዳት ደብተሩ የት ላይ እንደ ቆመ አታውቅም ነበር። በሳምንቱ ተመልሳ መጣችና አመሰገነችኝ፤ ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ፣ «ጋሼ፣ ከቡናው በኋላ ግን አባባ አይስቅም» አለች።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚያ ቀን ይነሣል። እኔ ያበጀሁለት ፍጻሜ በታሪክ አወራረዱ የሚነቀፍ አልነበረም። ታዲያ የተሟላው ካላረካት፣ በክፍት ትእምርተ ጥቅስ የቆመው እንዴት ሊያረካት ቻለ? ወይስ ያረካት ሌላ ነገር ኖሮ እኛ «የድርሰት እርካታ» ብለን ስም አውጥተንለት ይሆን?

በቋንቋችን ልጀምር። ከቃል ፍቺ ፍልስፍና መፍተል መጥፎ ልማድ መሆኑን ተማሪዎቼ ከኔው አፍ ደጋግመው ሰምተዋል፤ ዛሬ ግን ትንሽ እፈትላለሁ። ከግእዙ «ፈጸመ» የወጣው «ፍጹም» ያለቀም እንከን የሌለውም ማለት ነው። ሁለቱን ሐሳቦች አንድ ቃል ተሸክሟቸዋል። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች በሥራቸው መጨረሻ «ተፈጸመ» ብለው ይዘጋሉ፤ ሽማግሎቻችን ሲመርቁ ፍጻሜውን ያሳምርልን ይላሉ። በዚህ አስተሳሰብ ያላለቀ ነገር ጎደሎ ነው፤ ጎደሎ ደግሞ አያምርም። ይሁን እንጂ አማርኛ ያላለቀውን ሥራ የሚጠራበት ሌላ ስም አለው፤ «ጅምር» ይለዋል። «ያላለቀ» ስንል ሥራውን በሌለው ነገር እንሰይመዋለን፤ «ጅምር» ስንል ግን ባለው ነገር፣ እጅ ባረፈበት ወገን እንጠራዋለን። «ውጥን»ም እንዲሁ ነው፤ ሐሳቡንም የተጀመረውን ሥራም ይይዛል። አንዱን ቤት አንዱ ጎረቤት «ያላለቀ ቤት»፣ ሌላው «ጅምር ቤት» ሲለው ሁለቱ ያዩት ግድግዳ አንድ ነው፤ የፈረዱት ፍርድ ግን የተለያየ ይመስለኛል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የሞተው ሮማዊው ታላቁ ፕሊኒ፣ «የተፈጥሮ ታሪክ» በተሰኘው ሥራው በ35ኛው መጽሐፍ ስለ ሠዓልያን ሲተርክ አንድ የሚያስገርም ነገር ይመሰክራል። የአንዳንድ ታላላቅ ሠዓልያን የመጨረሻ ሥራዎች፣ ሳይጨርሷቸው የቀሩት ማለት ነው፣ ከጨረሷቸው ይልቅ ይደነቃሉ ይላል። ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው፣ በጅምሩ ሥዕል ላይ የንድፉ መስመርና የሠዓሊው ሐሳብ ገና ይታያል፤ ሁለተኛው፣ በሥራ ላይ ሳለ ስለ ቀረው እጅ የሚሰማን ኀዘን ሥራውን ይበልጥ ያስወድደዋል። አፔሌስ ስለ ተባለው ሠዓሊ ሲያወሳም፣ የጀመረውን የአፍሮዲቴ ሥዕል ሞት ስላስቋረጠው ንድፉን ተከትሎ የሚጨርሰው ሰው እንዳልተገኘ ይነግረናል። ይህን ያነበብሁት አርባ ሦስቱን ገጽ ከጻፍሁ በኋላ መሆኑን እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ።

የፕሊኒ ምስክርነት ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ ሁለቱ ምክንያቶች እንደ አንድ ይወሰዳሉ። እኔ ግን ሊለያዩ ይገባል ባይ ነኝ። የሠሪውን ሐሳብ ማየት የጥበብ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሠሪው ማዘን የለቅሶ ጉዳይ ነው። ለቅሶ ክቡር ነገር ነው፤ ሂስ ግን አይደለም።

እስቲ የመጀመሪያውን ምክንያት ለብቻው እንፈትነው። የሠሪውን እጅ ማየት ብቻውን ያረካል? አክሱምን የጎበኛችሁ፣ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ወደሚገኘው ወደ ጎቦ ዱራ ሄዳችሁ ይሆናል። ሐውልቶቹ የተፈለጡበት የድንጋይ ማውጫ እዚያ ነው። ከአለቱ ሳይላቀቅ የቀረ ሐውልት አለ፤ ድንጋዩን ለመፈልፈል የተቆፈሩት የሽብልቅ ጉድጓዶች በተርታ ተሰድረው ይታያሉ። በሠራተኞቹ ትከሻ ላይ ቆሞ እንደ ማየት ነው። ብዙ ይማሩበታል፤ ያስደንቃልም። አረካኝ ለማለት ግን አልደፍርም። አዋቂው እጅ አለ፤ ሥራው ግን ገና የለም። ድንጋዩ ገና ድንጋይ ነው።

ይህን በሚኬላንጄሎ እስረኞች አጠገብ አስቀምጡት። ለጳጳሱ ለዩልዮስ ሁለተኛ መቃብር ታስበው የተጀመሩት እነዚህ ምስሎች አራቱ ዛሬ በፍሎረንስ ከተማ በአካዴሚያ ቤተ ሥዕል ይገኛሉ። አንድ ጊዜ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ በመጨረሻው ላይ ያለቀውና የከበረው «ዳዊት» ይታያል። ጎብኚው አብዛኛው ወደ ዳዊት ይጣደፋል፤ ይህንም መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ ፍጹም ነገር ሰውን ይጠራል። እኔ ግን ከአንዱ እስረኛ ፊት ብዙ ቆየሁ። ፊቱ የለም፤ ክንዱ ከእብነ በረዱ ጋር አንድ ነው፤ የመሮው ጭረት ልክ ትናንት እንደ ተጫረ ነው። ሆዱና ጭኑ ግን ተፈጽመዋል። ምንም ሊጨመርባቸው አይችልም። ከጎቦ ዱራው ድንጋይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ጅምር ናቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ግን ያለቀ ነገር አለ።

የምሽቱ ክርክሬ እንግዲህ ይኸው ነው፤ አስቀድሜ ልናገረውና ቀሪውን ጊዜ ልከራከርበት። ጅምር ሥራ ሊያረካ ይችላል፤ እንደ ተጽናና ሰው በትንሹ ሳይሆን በሙሉ ሊያረካ ይችላል። የሚያረካው ግን ጉድለቱ ስለሚያምር አይደለም። የተሠራው ክፍል በገዛ ልኩ የተፈጸመ ሲሆንና የሥራው ክብደት ገና ወዳልተጻፈው ገጽ ያልተላለፈ ሲሆን ነው።

ክብደት ማስተላለፍ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ በዲከንስ ላሳያችሁ። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1870 ሲሞት «የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር» የተባለውን ልቦለድ በየወሩ በክፍል በክፍል እያሳተመ ነበር። ዐሥራ ሁለት ክፍል እንዲሆን ታስቦ ስድስቱ ብቻ ተጽፈዋል። ወጣቱ ኤድዊን ይጠፋል፤ አጎቱ ጃስፐር ይጠረጠራል። ኤድዊን ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ? ከሞተስ ማን ገደለው? መልሱን የሚያውቀው ሰው መቃብር ገባ። ከዚያ ወዲህ ልቦለዱን ለመጨረስ ያልተነሣ የለም ማለት ይቻላል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1914 የዲከንስ ወዳጆች በለንደን ጃስፐርን በይስሙላ ችሎት አቁመው ከሰሱት፤ ዳኛው ደራሲው ቼስተርተን ነበር፤ የፈራጅ ሸንጎው መሪ ደግሞ በርናርድ ሾው። ነገሩ በሣቅ አበቃ፤ ቼስተርተን ከራሱ በቀር በችሎቱ የተገኘውን ሁሉ ችሎት በመድፈር ቀጣ። ሣቁ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ችሎት ያቆሙት ስላልረኩ ነው። መጽሐፉ በእያንዳንዱ ገጽ «ቆይ፣ እነግርሃለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል። ክብደቱን ሁሉ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ አሻግሮታል፤ ያ ምዕራፍም የለም። እንቆቅልሽ የጠየቀ ልጅ አገር ተሰጥቶት መልሱን ሳይናገር ቢሮጥ የሚሰማን ዐይነት ነው።

የእኛ አገር ሰው ይህን የመጠበቅ ስሜት ያውቀዋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ሁሉ የዕለቱ ክፍል ሲያበቃ ምን ይሰማው እንደ ነበር ያስታውሳል። ያ ግን የጅምር እርካታ አልነበረም። መጽሐፉ ታትሞ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ፍጻሜው እንደሚመጣ የታመነ ነው። ጣፋጩ መጠበቅ በዚያ እምነት ላይ የቆመ ነበር። እምነቱን ብታነሡት የሚቀረው ድሩድ ነው።

አሁን ወደ ካፍካ ልሻገር። ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሞት ሦስት ረጃጅም ልቦለዶች ሳይጨርስ ትቶ ነበር። ጓደኛው ማክስ ብሮድ ያልታተሙ ጽሑፎቹን እንዲያቃጥልለት የጠየቀውን ኑዛዜ ሳይፈጽም ቀርቶ በ1925፣ በ1926 እና በ1927 በተከታታይ አሳተማቸው። «ግንቡ» ልንለው የምንችለው ሁለተኛው ልቦለድ በዐረፍተ ነገር መካከል ይቆማል። ኬ. የተባለ መሬት ቀያሽ ነኝ ባይ በክረምት ሌሊት ወደ አንድ መንደር ይደርሳል፤ ከኮረብታው ላይ ወዳለው ግንብ ለመግባት፣ ቢያንስ በመንደሩ ለመኖር እንዲፈቀድለት ይደክማል። ጸሐፊ ወደ ጸሐፊ፣ ደብዳቤ ወደ ደብዳቤ ይመራዋል። መጽሐፉን ሳነብ የቆመበት ቦታ ላይ ስደርስ ምንም ነገር የተነጠቅሁ አልመሰለኝም። የግንቡ በር ምን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ዐውቄዋለሁ፤ እያንዳንዱ ትዕይንት ክብደቱን ራሱ ተሸክሞ ቆሟል። ቢሮክራሲን ላየ ሰው፣ በአንድ መስኮት የጀመረ ጉዳይ በሌላው መስኮት ከመነሻው እንደ ገና ሲጀመር ላየ ሰው፣ ፍጻሜ የሚባለው ነገር ብዙ አይናፍቀውም። ብሮድ፣ ካፍካ አስቦት የነበረውን መጨረሻ ነግሮኛል ብሎ ጽፏል፤ ኬ. ደክሞ በሞት አልጋ ላይ ሳለ በመንደሩ እንዲኖር የሚፈቅድ መልእክት ይደርሳል። ይህን ካወቅሁ በኋላ መጽሐፉን እንደ ገና አነበብሁት። ምንም አልተጨመረልኝም።

ብሮድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእርሱ ቦታ ቆሜ ስለማውቀው ይሆናል። በመጀመሪያው እትም «ግንቡ»ን እንዳለ አላወጣውም። ከመጨረሻው ክፍል ብዙ ገጽ አስቀርቶ ታሪኩ የተዘጋ እንዲመስል አደረገ፤ የቀረውን በኋለኞቹ እትሞች መለሰው። እኔ ጨምሬ ጨረስሁ፤ እርሱ ቆርጦ ጨረሰ። ሁለታችንም የፈራነው አንድ ነገር ነው፤ አንባቢ ጓደኛችንን ያልተሳካለት ሰው አድርጎ እንዳያየው። ይህ ፍርሃት የፍቅር እንጂ የሂስ አይደለም፤ ግን እንደ ሂስ ለብሶ ይመጣል። «የአንባቢን ፍላጎት ለመጠበቅ» ብዬ በመግቢያው ላይ ጽፌ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል።

«ጅምር» ሲባል ሁልጊዜ የሚጎድለው መጨረሻው ነው ብለን ማሰባችንም ስሕተት ነው። የካፍካ ሌላው ልቦለድ፣ «ችሎቱ»፣ መጨረሻ አለው። ካፍካ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገና ከጅምሩ ጽፎታል፤ ያልተጠናቀቀው መካከሉ ነው፤ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተልም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተማሪ ሳለሁ ያለቀ መጽሐፍ መስሎኝ ነበር ያነበብሁት። ሹበርትም እ.ኤ.አ. በ1822 ሁለት ክፍል ጽፎ ሦስተኛውን ጀምሮ የተወው ሲምፎኒ በስሙ «ያላለቀው» ተባለ እንጂ፣ ያደመጠ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሦስተኛውን አይጠብቅም። ሹበርት ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ሞት አላስቋረጠውም። ስለዚህ በፕሊኒ ሁለተኛ ምክንያት፣ በኀዘኑ፣ ሊገለጽ አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የሥነ ልቦና ተማሪዎች ብሉማ ዛይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመችውን ጥናት ይጠቅሱብኛል፤ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ የተቋረጠበትን ያስታውሳል የሚለውን። ውጤቱ ከዚያ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ አልተደገመም፤ ቢደገምም ለኔ ጥያቄ አይጠቅምም። ትውስታ እርካታ አይደለም። የጥርስ ሕመምም ይታወሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥነ ጽሑፍ ወገን የሚመጣ ነው፤ ይበልጥ ያሳስበኛል። ማንኛውም ታላቅ ድርሰት ክፍት ነው፣ የሚጨርሰው ተደራሲው ነው፣ ስለዚህ ባለቀና ባላለቀ መካከል ልዩነት የለም ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን የቅኔ ቤት ቢውሉ እመኝላቸዋለሁ። ቅኔ ወርቁን ለሰሚው ይተዋል፤ ሰሚው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል። ያም ሆኖ ባለቅኔው ያልጨረሰው ነገር የለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ አንዱን ቤት ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ግማሽ ቅኔ ይዞ መጣ አይባልም፤ ምንም ይዞ አልመጣም። ለተደራሲ ሥራ መተው አንድ ነገር ነው፤ የራስን ሥራ መተው ሌላ። ለዚህም ይመስለኛል አጭርና ዝግ ቅርጽ ጅምርነትን ጨርሶ የማይሸከመው፤ በውስጡ ለብቻው የሚቆም ክፍል የለውምና።

ሌላው ሊጨርሰው የሚችል ጅምርም አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ፈጁበት፤ እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና አልታተመም ነበር። ተማሪያቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ፣ አንድ መጽሐፍ። ዛሬ ያን መጽሐፍ ስንገልጥ የአንዱ እጅ የት እንዳበቃ አንጠይቅም፤ መጠየቅም አያሻንም። ሦስቱም ለአንድ ቋንቋ ይሠሩ ነበር፤ ቋንቋው ደግሞ ከሦስቱም ውጭ ቆሟል። የጓደኛዬ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ግን ከጓደኛዬ ራስ ውጭ የትም አልነበረም። እኔ ደስታ ተክለ ወልድን ለመሆን ስሞክር የረሳሁት ይህን ነው።

የልጅቱ ቃል ያሳደረብኝን ጥርጣሬ ለማጥራት፣ ጓደኛዬን የማያውቁ ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የእርሱን ክፍል ብቻ እንዲያነቡልኝ ለመንኋቸው። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ፣ ሥራው ማለቁን አለማለቁን አልነገርኋቸውም። ይህ ጥናት አይደለም፤ ሁለት ሰው ነው። አንደኛው በክፍቱ ትእምርተ ጥቅስ ላይ ሲደርስ ገጽ የጎደለ መስሎት መጥቶ ጠየቀኝ፤ የለም ስለው ትከሻውን ነቅንቆ፣ «መልሷንማ ዐውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ደብተር ሙሉ ስትመልስለት ነው የኖረችው» አለ። ሁለተኛዋ ስለ መጨረሻው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ያናደዳት በስድስተኛው ደብተር ያለው የሠርጉ ምዕራፍ ነው። «ይህ አላለቀም» አለችኝ። ምዕራፉን መልሼ አየሁት። መጀመሪያም መጨረሻም አለው፤ ሙሽራው ይመጣል፣ ሙሽራይቱ ትሄዳለች፤ ግን ለሥርዓቱ ያህል የተጻፈ ነው፤ ጓደኛዬ አልኖረበትም። እውነቷን ነበር። ከዐሥራ አራቱ ደብተር ውስጥ ያላለቀው ገጽ በመካከሉ ተቀምጦ ሳለ፣ እኔ ሰባት ወር በጫፉ ላይ ስደክም ቆየሁ።

ባለፈው ዓመት ይህን ሐሳብ በክፍል ውስጥ ሳነሣ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ካፍካ ተነሥቶ ልጨርሰው ቢልዎ እንቢ ይሉታል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ለካፍካ፣ አዎ፣ እንቢ የምለው ይመስለኛል። ቢያንስ ያለውን ቅጂ ሳልደብቅ አልፈቅድለትም። ተማሪው ግን አልተወኝም፤ «ለጓደኛዎስ?» አለ። ለእርሱ ያን ቀን መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ እሰጠዋለሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ይስማኝ። ጓደኛዬ ተነሥቶ ቢመጣ ደብተሩን ወዲያው እሰጠዋለሁ፤ ከዚያም ስለ ልቦለዱ ጨርሶ አልጠይቀውም። ፕሊኒ አንድ ላይ ያሰራቸው ሁለቱ ምክንያቶች በኔ ዘንድ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። ልቦለዱ እንዳለ ይበቃኛል። ያልበቃኝ ሌላ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አርባ ሦስት ገጽ መድኀኒት አይሆነውም።

ገጾቹን አውጥቻቸዋለሁ። መጽሐፉ በዚህ ዓመት ይታተማል፤ የሚታተመውም በደብተሮቹ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ የሠርጉ ምዕራፍም ከነድክመቱ ይገባል፤ እርሱን የማቃናት ሥልጣን የለኝም። በእርሳስ በተጻፉት ሦስት መስመሮች ላይ ግን ገና አልተስማማንም። ባለቤቱ በመጨረሻው ገጽ እንዲገቡ ትፈልጋለች፤ የእርሱ ቃል ናቸው ትላለች። ልጁ አይግቡ ትላለች። እኔ ሁለት ጊዜ ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ከታዳሚው መካከል የሚረዳኝ ካለ በጥያቄው ሰዓት እሰማለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው የማረሚያ ቅጂ ከማተሚያ ቤት መጣልኝ። ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጥሁ። ሴትዮዋ ምጣዱን አንሥታለች፤ ባሏን ቀና ብላ ታየዋለች። አራሚው ትጉህ ሰው ነው፤ የተከፈተው ትእምርተ ጥቅስ የለቃሚው ግድፈት መስሎት ዘግቶታል። በቀይ ብዕር ሰርዤ፣ በኅዳጉ ላይ «እንደ ነበረ ይከፈት» ብዬ ጽፌ መልሼ ልኬዋለሁ።